አሥራ ስምንት ካስማ ለአንዲት ላም

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 29 ቀን

ለወዳጄና ለቀድሞ ተማሪዬ ለሷሊሕ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሂዳያስ? ልጆቹስ? በሬዎችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንድ እግሬ በቀር ደህና ነኝ።

አልተቀየምኩህም። ስልኬም አልጠፋም፤ ልጄ ትዕግሥት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። እግሬን ጀሶ ውስጥ የከተተው ሐኪም የደም ግፊቴን በቀን ሦስት ጊዜ እንድትለካ አዟት ነበር። ልጅት ስትለካ ስትለካ አንድ ነገር ደረሰችበት፤ ግፊቴ ሽቅብ የሚወጣው ካንተ ጋር ስለ ላሜ ካወራሁ በኋላ ነው። “በቀን ዘጠኝ ጊዜ ትደውላለህ” ትለኛለች። እኔ የማስታውሰው ሰባት ነው። ከእንግዲህ ደብዳቤ ብቻ ተባልኩ፤ ሰው በደብዳቤ አይጮህም ብላ ነው። ሾፌሩ ኢልያስም የካራቆሬ ሚኒባሱን ሲመላልስ ፖስታችንን ሊያደርስ ቃል ገብቷል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ዋናውን ልንገርህ። በዚያ ጭቃ ላይ ላሜን ቦቄን ስጎትት ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ ትዕግሥት አንድ ሐሳብ ይዛለች፤ ላሟ ትሸጥ፣ መሬቱ ይከራይ፣ አባዬ እኔ ጋ ይኑር። እኔ እንቢ አልኩ። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ ተዋዋልን። ቦቄ ዛሬ በቀን ስምንት ሊትር ትታለባለች። መስከረም ሲጠባም ስምንት ሊትር ከታለበች፣ ሣሩም ጭቃ ሆኖ ካልጠበቀን፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ካልሆነ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ከብርዱና ከላስቲክ ወተቱ ጋር ዕድሜዬን እጨርሳለሁ። እንግዲህ ሷሊሕ፣ የእኔ መመለስና መቅረት ያለው በአንድ ጥማድ ተኩል ሣር ላይ ነው፤ ሣሩ ደግሞ በአንተ እጅ ነው።

አሠራሩን በስልክ ስነግርህ “እሺ፣ እሺ” ማለትህ ስላላማረኝ ጽፌዋለሁ። ሣሩን ስምንት ቦታ ትከፍለዋለህ። በየወሰኑ ግራና ቀኝ ካስማ ትተክላለህ፤ አሥራ ስምንት ካስማ ይወጣል። ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ነገር እሰርበት፤ ቁጥርም በቀለም ጻፍበት፤ ያለ ቁጥር ሥራ የለም። ቦቄ ከፊትና ከኋላ ገመድ ተዘርግቶላት አንዱን ድርሻ ሦስት ቀን ትግጥና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ወደ መጀመሪያው የምትመለሰው በሃያ አምስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ሣሩ ያገግማል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አትወጣም፤ ሳትወጣም ደረቅ ጭድ ትበላለች፤ በባዶ ሆዷ እርጥብ የማገጥ ሣር ካገኘች ትነፋለች። ዶፍ በጣለ ማግስት ሰኮናዋ የሚሰምጥ ከሆነ ጨርሶ አታስገባት፤ በረቱ አጠገብ ድንጋያማው ላይ አስረህ አጭደህ ስጣት። ላም በክረምት በአፏ ከምትበላው በእግሯ የምታጠፋው ይበልጣል።

ከጎረቤቴ ከብዙነሽ ፍየሎች ተጠንቀቅ፣ አደራ። አርባ ዓመት ሙሉ አጥሬን ጥሰው የገቡ ፍየሎች የልጅ ልጆች ናቸው። ብዙነሽ ይቅርታ ከጠየቀችህ ፍየሎቹ ገብተው ጨርሰዋል ማለት ነው።

መምህርህ አየለ


ከሰፈራችን፣ ሐምሌ 7 ቀን

ለተከበሩት መምህሬ ለጋሽ አየለ፣

እንደምን ከረሙልኝ? እግርዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሂዳያ አላህ ያሽርዎት ብላለች። ደግሞም “ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው አልታመመም” ብላለች፤ እሱን እንዳልጽፍ ግን ከልክላኝ ነበር።

የጠየቁኝን አንድ በአንድ ልመልስ። ጭድ፣ አዎ፣ በየጠዋቱ ትበላለች። ጤዛ፣ አዎ፣ እጠብቃለሁ። ካስማውን የቆረጥኩት ከግራር ነው። ለቀዩ የሽንኩርት ጆንያ ቀድጄ በየካስማው አናት አስሬበታለሁ። ቀለሙ የመስጊዱ በር ሲቀባ የተረፈ ነው፤ ሼሁ ለላም መሆኑን ሲሰሙ ስቀው ሰጡኝ። ቁጥሩን ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት በትልልቁ ጽፌዋለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ስምንትን አዛብቼ ጽፌ የገረፉኝን አስታውሼ በተለይ ስምንት ላይ ተጠንቅቄያለሁ።

ቦቄ በመጀመሪያው ቀን ገመዱ ዘንድ ቆማ ማዶ ያለውን ሣር እያየች እምቧ ስትል ዋለች። የታሰረች እንጂ የተሰማራች አልመሰላትም። በሦስተኛው ቀን ለመደችው። አሁን ገመዱን ላነሳ ስመጣ ቀድማኝ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እንደውም ካረፈድኩ ትቆጣለች። እውነቱን ለመናገር ከእርስዎ ጋር በባሕርይ ትመሳሰላለች።

አንድ ጥፋት አለኝ። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ አራት ቀን እንደ አባቶቻችን ሁሉም ላይ ለቅቄያት ነበር። የወንዙ ዳር ያለው ድርሻ ትንሽ ተረግጧል። ትንሽ ያልኩት መካከለኛውን ነው። አውፍ ይበሉኝ።

የእትዬ ብዙነሽ ፍየሎች እስካሁን አልገቡም። ይልቅ ትናንት እሷ ራሷ መጥታ ሰላም አለችኝ። ስለ ጤናዎም ጠየቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የካስማዎቹን ቁጥር አነበበችና “እግዜር ያሳካው” ብላ ሄደች። ሌላ ወሬ የለም።

ተማሪዎ ሷሊሕ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 13 ቀን

ሷሊሕ፣

ሰላምታው በልክ ይሁንና ወደ ጉዳዩ ልግባ። “ሌላ ወሬ የለም” ባልከው ላይ ሁለት ቀን አሰብኩ። ብዙነሽ ስለ ጤናዬ ጠየቀች ነው የምትለኝ? ባለቤቴ ፈለቀች ያረፈች ጊዜ እንኳ ለቅሶ የደረሰችኝ ፍየሎቿን አስከትላ ነው፤ ተቀምጣ ስታለቅስ እነሱ ጓሮዬን ጨረሱት። ታማለች? ንስሐ ገባች? ወይስ ፍየሎቹን ሸጠቻቸው? በሚቀጥለው ደብዳቤህ መጀመሪያ የምትመልስልኝ ይህን ነው።

የመሰለህን ሳይሆን የሆነውን ጻፍልኝ። “ትንሽ ያልኩት መካከለኛውን ነው” ማለት ምን ማለት ነው? ስንት እርምጃ በስንት እርምጃ? ደብዳቤህን አርሜዋለሁ፤ ከአሥር ስድስት።

እዚህ በክረምት በጋቢ ላይ ጋቢ ለብሼ፣ ቆብ አድርጌ፣ በአልጋዬ ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጫለሁ። ትዕግሥት ትንከባከበኛለች፤ በጎደለ የምናገረው የለም። ግን መስኮቱ ጋ ስቆም የሚታየኝ የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። በዚያኛው መስኮት አንድ ሽማግሌ ቆሞ እኔን ያያል። እጅ እንነሳሳለን። ስሙን አላውቀውም፤ እሱም የእኔን አያውቅም። እንዲህ ሆኜ እንዳልቀር እፈራለሁ። ሣሩን ጠብቅልኝ።

አየለ


ከሰፈራችን፣ ሐምሌ 20 ቀን

ለመምህሬ ለጋሽ አየለ፣

ይህን ደብዳቤ ከማንበብዎ በፊት ይቀመጡ። ትዕግሥት ከጎንዎ ትሁን። ውሃም ይጠጡ። ማንም አልሞተም።

ልትሞት የነበረችው ቦቄ ናት፤ አልሞተችም። አሁን ቆማ እያመነዠከች ታየኛለች። ይህን ካወቁልኝ በኋላ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ሰኞ ዕለት ማጀቴ ከተማ የአጎቴ ልጅ ለቅሶ ነበረብኝና በጥዋት ተነሳሁ። ጭዱን ረሳሁት። መርሳት እንኳ አይደለም፤ ለአንድ ቀን ምን ትሆናለች አልኩ። ጤዛውም አልረገፈም ነበር። በአራተኛው ድርሻ ያለው ማገጥ ደግሞ በዝናቡ ለምልሞ ቁርጭምጭሚት ሸፍኗል። መንገድ ሳልወጣ ሂዳያ ጠራችኝ። ስመለስ ቦቄ ግራ ጎኗ ተወጥሮ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። ጎኗን ብመታው ከበሮ ነው።

አንድ ጠርሙስ የምግብ ዘይት አጠጣናት። ሂዳያ ሆዷን ስታሽ እኔ ወደ ዳገቱ እየጎተትኩ አስኬድኳት። በሦስተኛው ምልልስ አላህ ይመስገን ነፋሱ ወጣላት። እንዴት እንደወጣ ለመምህር አይጻፍም፤ መስጊድ በር ላይ የነበሩ ሰዎች ግን “ምን ፈነዳ” ብለው መጥተዋል። ለቅሶው አመለጠኝ። የአጎቴ ልጆች ተቀይመውኛል፤ ለላም ብሎ ቀረ ሲሏቸው አላመኑም።

በማግስቱ አምስት ሊትር ብቻ ታለበች። ዛሬ ሰባት ተኩል ደርሳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭዱን ሳትበላ እኔም ቁርሴን አልበላም።

የእትዬ ብዙነሽን ነገር መጀመሪያ መልስ ብለውኝ ነበር፤ ረሳሁት። አልታመመችም፤ ፍየሎቿንም አልሸጠችም። ሣሩ ጋ ሲደርሱ በዱላ የምትመልሳቸው እሷ ራሷ ናት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሰው መልካም ሲሠራ ለምን አይባልም። ደግሞ በድንበሯ ላይ ፓፓያ እየተከለች ነው።

ሷሊሕ


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 28 ቀን

ሷሊሕ፣

የቦቄን መነፋት በአንድ ጊዜ ሳላነብ ሦስት ጊዜ አርፌ ነው የጨረስኩት። ዘይት ማጠጣትህና ማስኬድህ ትክክል ነው፤ እሱ አሥር። ጭድ መተውህ ዜሮ። ደምረን ለሁለት ስናካፍለው አምስት ነው፤ አልፈሃል ማለት አይቻልም። ሂዳያን ግን ከልብ አመስግንልኝ።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። ኢልያስ ያንተን ደብዳቤ በእጁ ከመስጠቱ በፊት ሌላ ወሬ በአፉ አደረሰ። ለትዕግሥት “የአባትሽ መሬት ተቀየሰ” አላት። ቀይ የታሰረበት፣ ቁጥር የተጻፈበት ካስማ በሣሬ ላይ ተተክሏል አላት። ገሚሱ መንገድ ነው፣ ገሚሱ የፓፓያ ጭማቂ ፋብሪካ ነው ይላል፤ ካሳው ግን ብዙ መሆኑን ሁሉም ይስማማበታል አላት። እሷም ስትሰማ “አባዬ፣ ሊወሰድ ላለ መሬት ምን ላም ያስፈልገዋል?” አለችኝ። ውሉ ቀረ። ካራቆሬ ላለ ገዢ ደውላ ነሐሴ 20 መጥቶ ቦቄን እንዲያያት ቀጥራዋለች።

ይህን ሁሉ ከሚኒባስ ሾፌር መስማት ነበረብኝ? አንተ ስለ ፓፓያ ትጽፍልኛለህ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። በል አሁን መልስልኝ። ካስማውን የተከለው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? እኛ የተከልነውን ነቅለው ነው ወይስ ጎን ለጎን? ደብዳቤ ተሰጥቶሃል? ማኅተም አለበት? ቦቄ የት እየጋጠች ነው? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኛለሁ። እውነቱን ጻፍልኝ፤ በሽተኛ ነው ብለህ አታባብለኝ።

አየለ


ከሰፈራችን፣ ነሐሴ 4 ቀን

ለመምህሬ ለጋሽ አየለ፣

ሰላምታዬን በኋላ ይቀበሉኝ። ካስማዎቹ የእርስዎ ናቸው።

የመጣ መሥሪያ ቤት የለም። የተቀየሰ መንገድ የለም። ያለው በእርስዎ ትእዛዝ የተከልኩት አሥራ ስምንት የግራር ካስማ ነው፤ ቀይ እሰርበት ያሉኝ እርስዎ፣ ቁጥር ጻፍበት ያሉኝ እርስዎ። እኔ ከሣሩ በቀር ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

በተተከለ ማግስት ሰው አጥሩ ላይ መቆም ጀመረ። ምንድን ነው አሉኝ። የላም ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ለላም ቁጥር ይጻፋል ወይ አሉኝ። ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሦስት ጊዜም “ሷሊሕ እንዳይናገር ተመክሯል” ተባለ። በአራተኛው ቀን ሰልችቶኝ ዝም አልኩ። ዝም ስል ሁሉም አመነኝ።

ጋሼ፣ ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ግን ሣሩን አየሁት። መንግሥት ካስማ ወደተከለበት ከብቱን የሚያስገባ ሰው የለም። በዕድሜዬ በዚያ ሣር ላይ አንድም የሰው ከብት ያልገባበት ክረምት ይህ የመጀመሪያው ነው። ስድስተኛው ድርሻ ጉልበቴን አልፏል። ቦቄ ዛሬ ስምንት ሊትር ከሩብ ታልባለች። እርስዎ የሚመለሱት በሣሩ ነው ካሉኝ በኋላ እኔ ምን ልናገር? ዝምታ ወርቅ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እንቅልፍ ግን የለኝም።

የሆነውን ጻፍልኝ ብለውኛልና ልጨርስ። እትዬ ብዙነሽ አርባ የፓፓያ ችግኝ ተክላለች፤ ካሳ ሲተመን ዛፍ ለብቻው ይቆጠራል ብለዋት ነው። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ ጋሽ ከበደም ማሾ ማሳቸው ጥግ ላይ ጎጆ ቀልሰዋል። ሰው አይኖርበትም፤ ሁለት ዶሮ ገብቶበታል። በጋሽ ከበደ ጎጆ ስቄያለሁ። በእትዬ ብዙነሽ ግን መሳቅ አቃተኝ። ችግኙን የተከለችው ከብቶቿ በሚግጡበት ዳርቻ ላይ ነው። ፍየሎቿንና ላሟን ችግኙን እንዳይበሉባት ቤት አስራ ቅጠል እየቆረጠች ነው የምትመግባቸው፤ አጥንታቸው ይቆጠራል። ያ ሁሉ ሣር እዚህ ቆሞ እያዩት ነው የሚርባቸው።

ለትዕግሥት እውነቱን ይንገሯት፤ ገዢው ይቀራል። ለሰፈሩ ግን ምን ልበል? ከተናገርኩ ፍየሎቹ በዚያው ቀን ገብተው ሣሩ ያልቃል። እስከ መስከረም ዝም ካልኩ እርስዎ ይመለሳሉ። እርስዎ ያስተማሩኝ ሰው ነዎትና እርስዎ ይንገሩኝ።

ሷሊሕ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 9 ቀን

ሷሊሕ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅ ይዞኝ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ትዕግሥት የታመምኩ መስሏት ሮጣ መጣች። አንብባ እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ግፊቴን ለካችው፤ እዚህ ከመጣሁ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። ለካራቆሬው ገዢ ደውላ እንዳይመጣ ነግራዋለች። ውላችን በቦታው ነው።

ስለ ሰፈሩ ለጠየቅኸኝ ግን ሁለት ዓይነት መልስ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያውን ቀድጄዋለሁ። እሱ “እስከ መስከረም ዝም በል” የሚል ነበር። ምን አለበት አልኩ፤ እኛ አልዋሸንም፤ ካስማ ተከልን እንጂ ካሳ አላልን። ካሳ ያለው ብዙነሽ ናት። አርባ ዓመት ሣሬን ያስበላች ሴት አንድ ክረምት ሣሬን ብትጠብቅልኝ ዕዳዋ ነው አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ፍልሰታን እየጾምኩ መሆኔን ልብ በል።

በሦስተኛው ቀን የከሱት ፍየሎች እህል አላስበላ አሉኝ። እነዚያ ፍየሎች ጠላቶቼ ናቸው፤ ግን ጠግበው እንጂ ተርበው አይቻቸው አላውቅም። ደግሞም በድለሃል ብዬ አንተን ብቻ ልወቅስህ አልችልም። ያለ ቁጥር ሥራ የለም ያልኩህ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ንገራቸው። በቅሬው ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ የእኔ ሥራ መሆኑን ጭምር ንገራቸው። ሣሩ ካለቀ ይለቅ። እዚህ መቅረት ያስፈራኛል፤ ላንተ አልደብቅህም፣ በጣም ያስፈራኛል። ግን በተራቡ ፍየሎች ወደ ቤቴ መመለስ አልፈልግም።

ደብዳቤህ ዘጠኝ አግኝቷል።

አየለ


ከሰፈራችን፣ ነሐሴ 17 ቀን

ለመምህሬ ለጋሽ አየለ፣

እንኳን ለጾሙ ፍቺ አደረስዎ። እንዳዘዙኝ አደረግሁ።

እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ እስላሙም ክርስቲያኑም ተቀምጦ ሳለ ተነሳሁ። “ካስማው የላም ነው” አልኩ። ሁሉም ሳቀ። “የጋሽ አየለ ላም የምትግጥበት ድርሻ ነው፤ ስምንት ቦታ የከፈልነው ሣሩ በጭቃው እንዳይረገጥ ነው” አልኩ። የሚስቁት ዝም አሉ፤ ዝም ያሉት ተቆጡ። “ካሳውን ለሁለት ሊበሉት ነው” አለ አንዱ። ማልኩላቸው። “መክረውህ ነው” አለ ሌላው። እውነት እንዲህ የምትከብድ መሆኗን እርስዎ አላስተማሩኝም።

ጋሽ ከበደ “እስቲ ቦታው ላይ ሄደን እንየው” አሉ። ቅሬው ተነስቶ ሄደ። እትዬ ብዙነሽ ከፊት ነበረች። እስከዚያ ቀን ካስማውን በቅርብ ከማንበብ በቀር የነካው አልነበረም። እሷ አጎንብሳ ቀዩን ጨርቅ ያዘችና ገለባበጠችው። በሰማያዊ ክር የተሰፋ ቀዳዳ ነበረበት። “ይሄ የኔ የሽንኩርት ጆንያ ነው” አለች። “ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ የምፈልገው ጆንያዬ ነው። መንግሥት የኔን ጆንያ ከየት ያመጣዋል?” አለች።

ከአጥሯ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ያረጀ መስሎኝ ነበር። ያኔ ሁሉም አመነ። ከመሐላዬ ይልቅ ስርቆቴ ታመነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፈውም። የተሰደብኩት በአማርኛም በኦሮምኛም ነው። ጋሽ ከበደ “ጎጆውን ከመጀመሪያውም ለዶሮ ነው የቀለስኩት” አሉ። ሲበርድ ዳኝነት ተቀመጡ። በእኔ ላይ ሁለት ተፈረደብኝ፤ ለእትዬ ብዙነሽ አዲስ ጆንያ፣ ደግሞም አርባውን ፓፓያ ከግጦሹ ነቅዬ ወንዙ ዳር እንድተክልላት። ዛሬ ሃያ ሦስተኛው ላይ ነኝ፤ የወገቤን ነገር ሂዳያን ይጠይቋት።

ካስማውን ልነቅል ስል ግን እትዬ ብዙነሽ ከለከለችኝ። “ሷሊሕ አይነቅለውም” አለች። “ያስተከለው ይምጣና ይንቀለው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ስናገር ሁለት የሚመልስልኝ ሰው ነበር። ዘንድሮ አጥሩ ላይ ቆሜ ብናገር ብናገር የሚመልስልኝ አጣሁ። ልጁ ሰማይ ላይ ሰቅላ አስቀምጣዋለች አሉ። ይምጣ።” ይህን ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም አላስቻለኝም፤ ፊቴን ወደ ቦቄ አዞርኩ። ክረምቱ ያለ እርስዎ ረዝሞብኛል ጋሼ፤ እሷ ቀድማኝ ተናገረችው እንጂ።

ጋሽ ከበደ ፈረዱ። አቶ አየለ እስከ ነሐሴ 30 በአካል ቀርበው፣ ቅሬው ፊት ካስማውን ነቅለው፣ ነገሩን ካላስረዱ ስማቸው ከቅሬው ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ ለለቅሷቸው ድንኳን አይተከልም፣ ሬሳቸውንም የሚያነሳ የለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

የሚከፋዎትን መጨረሻ አስቀመጥኩት። ፍየሎቹ በዚያው ቀን ከሰዓት ገቡ። ስድስተኛውን ድርሻ አጋመሱት። አላባረርኳቸውም፤ ሲበሉ ማየት ያሳዝን ነበር። ቦቄ ዛሬ ስድስት ሊትር ናት፤ እስከ መስከረም ስምንት አትደርስም። ውሉን ያጠፋሁብዎ እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ።

ሷሊሕ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 22 ቀን

ለልጄም ለወንድሜም ለሷሊሕ፣

ወረቀቱን ለትዕግሥት ሰጠኋት። ማኅተሙን አይታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ስድስቱ ሊትርም እኔው ነገርኳት፤ በውሉ ተሸንፌያለሁ አልኳት። ስለ ሊትሩ አልሰማችኝም። “እኔ እያለሁ ማን ይቀብርሃል ብለህ ነው?” አለች። “ልጄ፣ ሬሳ አንድ ሰው አይሸከመውም” አልኳት።

አለቀሰች። ክረምቱን ሙሉ የምትቆጣኝን ልጅ ስታለቅስ ሳያት የሷ ነገር ያኔ ገባኝ። ላሟም ሣሩም ምንም አላደረጓትም። “ጭቃ ውስጥ ብቻህን ወድቀህ የምትቀር እየመሰለኝ ነው” አለችኝ። ሰኔ ላይ ስወድቅ ያነሳኝ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሷሊሕ አለች። “ቀድሞ ጩኸቴን ሰምቶ እሱን የጠራውስ?” አልኳት። ብዙነሽ ናት፤ እየሰደበችኝ ነው የጠራችህ። “እዚህ ደረጃው ላይ ብወድቅ ማን ይጣራል?” አልኳት። ማዶ ያለው ሽማግሌ ስሜን አያውቀውም። ትዕግሥት ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ስልኬን ሰጠችኝ። እዚያ ቤቴ ሆኜ በቀን ሁለት ጊዜ ለእሷ እንድደውል ተብያለሁ። ቦቄን ከእንግዲህ የምትጎትታት አንተ ነህ፤ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ እንጂ ገመድ አልነካም። ይህን ሁሉ ማልኩላት።

ጀሶው ከተፈታ አራት ቀን ሆኖታል። በከዘራ እሄዳለሁ። የዛሬው ሚኒባስ ሞልቶ ነበርና ለኢልያስ ይህን ደብዳቤ ሰጥቼ ለነገ ሁለት ቦታ ይዣለሁ፤ ትዕግሥትም ሰፈሩን በዓይኗ ልትሰልል አብራኝ ትመጣለች። ስልክ እያለኝ ለምን እንደጻፍኩ አትጠይቀኝ፤ ብደውልልህ ድምፄ የሚቆራረጥ መስሎኝ ነው።

የሂዳያ ደጅ ጭቃ እንዳያስቸግረኝ ድንጋይ ደርድርልኝ። ለቅሬው ቅጣት የተባልኩትን ሁሉ እነቅላለሁ፣ አስረዳለሁ፣ ከተፈለገም ጥቁር ሰሌዳ ይምጣልኝ። ለብዙነሽ ደግሞ ነገ በስድስት ሰዓት አጥሩ ላይ እንድትቆም ንገራት። ፍየሎቿ ስድስተኛውን ድርሻ በሉ ካልከኝ ጊዜ ጀምሮ የምላትን እያዘጋጀሁ ነው፤ ሳይበርድ ልስጣት።

አየለ